ልጆቹን ከበረዶው ያስወጣሁበት ጨዋታ

ከቤት የወጣሁት በጥር ወር፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። እናንተ አሥራ አንድ ሰዓት ሲባል ፀሐይ የምታዘቀዝቅ ይመስላችኋል፤ እዚያ ግን የጥር አሥራ አንድ ሰዓት ድፍን ጨለማ ነው። አባቴ ቦርሳዬን ተሸክሞ እስከ ባቡር ጣቢያው ሸኘኝ። ቦርሳው ከበደውና ምን እንደያዝኩ ጠየቀኝ።

«መንሸራተቻ ጫማዬን ነው።»

«አሜሪካ ጫማ የለም?»

«የእኔን እግር የሚያውቅ የለም» አልኩት። ሌላ ብዙም ሳንነጋገር ባቡሩ መጣ።

አሁን በምኖርባት ሲያትል ያለ አበሻ ከየት እንደመጣሁ ሲጠይቀኝ ከሱዳን ወይም ከኬንያ እንድለው ይጠብቃል። እኔ የተሰደድኩት ከቼኮዝሎቫኪያ ነው። እናቴ ሞታ ስለነበር አባቴ በንጉሡ ዘመን የትራክተር ጥገና እንዲማር ሲላክ የዘጠኝ ዓመት ልጁን ይዞ ሄደ። አገር ቤት መንግሥት ሲለወጥ ተመለስ ቢባል አልመለስም አለና እዚያው ትራክተር ፋብሪካ ውስጥ ቀረ። ፋብሪካው የበረዶ ሆኪ ቡድን ነበረው። በብርዱ ወራት የሠራተኞቹ ልጆች ግቢው ውስጥ ውሃ ያፈሱና፣ ሲረጋ ዱላ ይዘው ይወጡበታል። እኔም ከእነሱ ጋር ወጣሁ፤ በአሥራ ስምንት ዓመቴ ለፋብሪካው ዋና ቡድን ተከላካይ ሆንኩ። በወረቀት ላይ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበርኩ፤ እውነተኛው ሥራዬ ግን ሆኪ ነው። ስምንት ዓመት ሠራሁበት። ሦስት ጥርስና አንድ ጉልበት ከፈልኩበት። ጉልበቴ ሲበላሽ ደግሞ ታዳጊዎቹን አሠለጠንኩ።

ስምንቱንም ዓመት ከሜዳችን ውጪ በተጫወትን ቁጥር ከተመልካቹ መሃል የዝንጀሮ ድምፅ ይሰማል። ኳሷን፣ ፓክ የሚሏትን ጥቁር ጎማ፣ ስነካ ይጀምራሉ፤ ስለቃት ያቆማሉ። አባቴ ሁልጊዜ የሚለኝ አንድ ነገር ነበር፦ «ቻለው። እንግዳ ነን።» ቻልኩት። በኋላ የኮሚኒስቶቹ ሥርዓት ሲወድቅ ፋብሪካው ተንኮታኮተ፣ ቡድኑ ፈረሰ፣ ራሳቸውን የተላጩ ጎረምሶች በትራም ፌርማታ ላይ ጥቁር ሲያገኙ መደብደብ ጀመሩ። ድንበሩ ተከፍቶ ነበርና ወጣሁ።

ቪየና ላይ የስደተኞች ጉዳይ የምታይ አንዲት አሜሪካዊት ጠራችኝ። አስተርጓሚው እዚያ የሚማር የአዲስ አበባ ልጅ ነበር። ሥራህ ምን ነበር ስባል ተቸገርኩ፤ የእኔ አማርኛ የዘጠኝ ዓመት ልጅ አማርኛ ነው፣ ሆኪን በአማርኛ ጠርቼው አላውቅም። ዱላና እሩር ያለበት የማውቀው ጨዋታ አንድ ብቻ ስለሆነ «ገና እጫወታለሁ» አልኩ።

አስተርጓሚው ተረጎመላት። ሴትዮዋ መነጽሯን አውልቃ አየችኝና የሆነ ነገር አለች።

«እስከ መቼ ነው የምትጫወተው? ትላለች» አለኝ።

«አሁንማ አቁሜያለሁ። በረዶ ላይ ነበር የምጫወተው።»

ይህንንም ተረጎመላት። አሁን ድምጿ ጠንከር አለ። «በረዶ ላይ መጫወቱን ተውና የሚከፈልህን ሥራ ንገረኝ ትላለች።»

«የሚከፈለኝማ ለሱ ነው!»

ለካ ልጁ «ገና እየተጫወተ ነው» ብሎ ነው የነገራት። ስህተቱ ሲገባው ኮሪደር ላይ እየሳቀ ነገረኝ፤ እሷ ግን ጽፋ ጨርሳለች። ወረቀቱ «ሙያ፦ የለውም» ይላል። እኔም አብሬው ሳቅኩ፤ ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ግን ያንን ወረቀት በጥርሴ ብቀድደው ደስ ባለኝ ነበር።

እንግዲህ ሙያ የሌለው ሰው ሆኜ ሲያትል ገባሁ። ደግሞ ብዬ ብዬ ውሃ ወደማይረጋበት ከተማ! ዝናቡ እንደ አዲስ አበባ የሐምሌ ዝናብ ነጎድጓድ ኖሮት አይወጣለትም፤ እንደ ነዝናዛ ሰው ቀኑን ሙሉ ያጉተመትማል። ሬኒየር ቫሊ በሚባል ሰፈር የጋሼ ሙላቱን ምድር ቤት ተከራየሁ። ጋሼ ሙላቱ መሃል ከተማ መኪና ማቆሚያ ላይ የሚሠሩ፣ ስድሳ የሞላቸው ሰው ናቸው።

«ምን ትሠራ ነበር?» አሉኝ በመጀመሪያው ቀን።

«በረዶ ላይ ሆኪ እጫወት ነበር፣ ጋሼ።»

«እሱ ይሁን፤ የጠየቅሁህ ሥራህን ነው።»

«ሥራዬ እሱ ነው።»

ወደ ሚስታቸው ዞር ብለው «ልጁ መንገድ ጎድቶታል መሰለኝ፣ ሾርባ ስጪው» አሉ። ጫማዬን አውጥቼ ሳሳያቸው ደግሞ «ይሄ ጫማ ነው ቢላዋ? ምንጣፍ አለ፣ ይዘኸው እንዳትገባ» አሉኝ። ሬንተን ሄጄ አውሮፕላን ፋብሪካ እንዳመለክት መከሩኝ። የቤቱ ሰው ሁሉ ስለ ሽሮ ናፍቆት ሲያወራ እኔ የሚናፍቀኝ ጎምዛዛ ጥቅል ጎመንና በውሃ የተቀቀለ የሊጥ ድብልብል ነበር። ይህንን ስናገር ይስቁብኛል። የሚያናድደኝ ሳቃቸው አይደለም። የሚያናድደኝ የሰደበኝን አገር መናፈቄ ነው።

ሥራ ያገኘሁት ወደ ሰሜን፣ በማውንትሌክ ቴራስ በኩል ሁለት አውቶቡስ ተይዞ በሚደረስበት የበረዶ ሜዳ ነው። ሥራ አስኪያጁ ሮን ይባላል።

«ኢትዮጵያ? ሶ፣ ሯጭ ነሃ» አለኝ።

«ሆኪ ተጫዋች ነኝ። አሠልጣኝም ነበርኩ።»

ሳቀ። «ሩጫ ብትለኝ አምንህ ነበር።» መጥረጊያና በረዶውን የሚያለሰልሰውን መኪና ቁልፍ ሰጠኝ።

ከዚያ በኋላ ዓመት ሙሉ ሌሎች የሚጫወቱበትን በረዶ አለሰለስኩ። ጠዋት ሜዳው ሳይከፈት ግን ጫማዬን አጠልቄ ለብቻዬ እንሸራተታለሁ። አንድ ቀን በሜዳው የልጆች ቡድን የሚጫወተው የአሥራ ሁለት ዓመቱ የቲሚ እናት ካረን ቀድማ መጥታ አየችኝ። የልጆቹ አሠልጣኝ ወደ ሌላ ስቴት ሄዶባቸው፣ ቡድኑ በየሳምንቱ እየተሸነፈ፣ ሰው ጠፍቶ ነበር። ካረን ቀጥ ብላ ወደ ሮን ሄዳ እኔ እንዳሠለጥናቸው ጠየቀችው።

«የአሠልጣኝነት ወረቀት አለህ?» አለኝ ሮን።

የፋብሪካው ቡድን ፈርሷል፣ ቢሮው ተዘግቷል። ድሮ ጫማችንን ይስልልን ለነበረው ሽማግሌ ጻፍኩለትና ባለ አንድ ገጽ ደብዳቤ ላከልኝ። ሮን ገልብጦ ገልብጦ አየው። «ይሄ የምን ቋንቋ ነው? ምግብ አሠራር ቢሆንስ በምን አውቃለሁ?» በመጨረሻ በወረቀት ላይ አሠልጣኙ እሱ ሆነ፤ በረዶው ላይ እኔ፣ ያለ ክፍያ። ኮሚኒስቶቹም በወረቀት ላይ ሌላ ሰው ያደርጉኝ ነበር፤ እነሱ ግን ቢያንስ ይከፍሉኝ ነበር።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ለልጆቹ ፓክ አላሳየኋቸውም። መውደቅና መነሳት ብቻ አስተማርኳቸው። ወላጆች አጉረመረሙ። በሦስተኛው ወር ግን ማሸነፍ ጀመሩ፤ ቲሚ፣ ኳስ ሲመጣበት ዓይኑን ይጨፍን የነበረው፣ ከሁሉም የተሻለ ተከላካይ ወጣው። የካቲት ላይ ከተራራው ማዶ ባለች ከተማ ለግማሽ ፍጻሜ ደረስን።

ሁለት ለአንድ እየመራን ነው። ከጀርባዬ፣ ከተመልካቹ መሃል፣ ያ ድምፅ ተጀመረ። ቋንቋ አያስፈልገውም፤ ያው ነው። አንድ ጎልማሳ ሰውዬ ነው፣ አጠገቡ የተቀመጡት ይስቃሉ። የሙዝ ልጣጭ መጥቶ እግሬ ሥር ወደቀ።

ቲሚ ቀና ብሎ አየኝ። «ኮች፣ ምንድን ነው የሚለው?»

ዳኛውን ጠራሁት። «አልሰማሁም» አለኝ። አሁንም እያለ ነው አልኩት። «ጨዋታውን እያዘገየህ ነው» ብሎኝ ሄደ።

ጆሮዬ ውስጥ ስምንት ዓመት ጮኸ። ዱላዬን ጉልበቴ ላይ ሰበርኩት፤ የሜዳውን በር ከፈትኩና ልጆቹን «ውጡ» አልኳቸው። «ሁላችሁም ውጡ።»

ሮን መልበሻ ክፍሉ ድረስ ተከትሎን መጣ። «ምን እያደረግህ ነው?»

«ቤታችን እየሄድን ነው።»

«እየመራን! ለአንድ ሞኝ ሰውዬ ብለህ!»

«አንዱን ቆጠርክልኝ። የሳቁትንስ?»

ቲሚ ጓንቱን አውልቆ መሬት ላይ ወረወረ። ማንንም ሳያይ «እያሸነፍን ነበር» አለና አለቀሰ።

በማግሥቱ ወላጆች ተሰበሰቡ። አንዱ አባት «የልጆቹን ዓመት ለራስህ ስሜት ሠዋኸው» አለኝ። «ይህን ሁሉ የለፉት እነሱ ናቸው።»

«እኔም ለፍቻለሁ» አልኩ። ሌላም ብዙ ነገር አልኩ፤ በቼክኛ ሁሉ ሳልሳደብ አልቀረሁም። ሮን ቁልፉን ተቀበለኝ።

ለጋሼ ሙላቱ ስነግራቸው «ዝም ብትል አሸንፈህ ትመለስ ነበር» ብለው ተቆጡ። ወደ ሳሎን ሄደው ጥቂት ቆዩና ተመለሱ። «እኔን ባለፈው ሳምንት አንዱ መኪና ፓርክ ሊያደርግ መጥቶ ፊቴ ላይ ተፋ» አሉ። «ለሚስቴም አልነገርኳትም።» ከዚያ ወዲያ ስለ ሥራዬ ቀልደው አያውቁም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ካረን ኮል አደረገችልኝ። አምስት ቤተሰብ ሰብስባ ከከተማው በስተደቡብ ሌላ ሜዳ አግኝታለች። ማስታወቂያው ላይ «አሠልጣኝ» ከሚለው ፊት ለፊት የእኔ ስም ተጻፈ። አሁን ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ቲሚ ግን አልመጣም፤ እናቱ ብትለምነውም ከሮን ቡድን ጋር ቀረ። ባለፈው ወር ተጋጠምን፤ ሲያልፍ ሰላም አላለኝም። ትክክል ነበርኩ ብዬ አምናለሁ። ትክክል መሆኔ ግን ያንን ልጅ አልመለሰልኝም፤ በዚህ ደግሞ በማን እንደምናደድ አላውቅም።

ታሪኩን ለአባቴ ለመንገር ዓመታት ፈጀብኝ። ባለፈው እሑድ ደወልኩለትና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኩት።

«እየመራችሁ ነበር?» አለኝ።

«አዎ፣ አባባ።»

«ታዲያ ለምን ወጣህ? መቻል ነበረብህ።»

ደሜ ፈላ። አባቴ እኮ በየጨዋታው በፋብሪካው ቡድን አውቶቡስ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ አብሮን ይጓዝ ነበር፤ ሁሉንም ነገር በዓይኑ አይቷል። ጠይቄው የማላውቀውን ጠየቅኩት።

«አንተስ? መሃላቸው ተቀምጠህ ያንን ስትሰማ ምን ታደርግ ነበር?»



«አጨበጭብ ነበር» አለኝ። «እነሱ ሲጀምሩ እኔም እጀምራለሁ። እጄ እስኪያብጥ። አንተ እንዳትሰማቸው ብዬ።»

ስምንት ዓመት። የእነሱን ድምፅ እያንዳንዱን አስታውሳለሁ። ጭብጨባ አላስታውስም፤ አንድ ቀን እንኳ።

«ትሰማቸው ነበር እንዴ?» አለኝ።

«ኧረ አልሰማም ነበር፣ አባባ» አልኩት።