ጋቢ የለበሰው ብልቃጥ

ቂመኛ ነኝ። ይህን የምጽፈው ተጸጽቼ አይደለም።

ከደብረ ማርቆስ ወደ አማኑኤል መውጫ ላይ በነበረ አንድ አነስተኛ ማምረቻ ውስጥ የላብራቶሪ ሠራተኛ ነበርኩ። ሥራችን ከድንጋይ ከሰል የሚወጣውን ዝፍት ማጥራት ነው። ዝፍቱ ውስጥ ጥላሸት የመሰለ ደቃቅ ነገር አለ፤ እሱ ካልወጣ ገዢ ዞር ብሎም አያየው። ወንፊት አይይዘው፣ ጨርቅ አይይዘው። ስለዚህ ዝፍቱን በማሟሚያ ፈሳሽ አቀጥነውና ጥላሸቱ ሲዘቅጥ ከላይ የጠለለውን እቀዳለሁ፤ ከዚያ ማሟሚያውን አስተንኜ ንጹሑን ዝፍት አስቀራለሁ። ግን የአገራችን ብርድ የት ይሄዳል? ከቀዘቀዘ ይወፍርና ጥላሸቱ እንደተንሳፈፈ ይቀራል። ስንት ወር ከለፋሁ በኋላ ነው ብልቃጡን በሙቅ ውሃ አሙቄ በጋቢዬ መጠቅለል የጀመርኩት። ጠለለልኝ!

ፎርማናችን ይህን ባየ ቁጥር ተንከትክቶ ይስቃል። "ምነው፣ ሕፃን ነው እንዴ የምታቅፊው?" ይለኛል፣ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ። ዘዴውን የጻፍኩበትን ማስታወሻ ደብተሬን ግን ከመሳቢያዬ ወስዶ ለማምረቻው ባለቤት "እኔ ያገኘሁት ዘዴ ነው" አለ። ባለቤቱም ገዢዎች ፊት ሠርቶ ካሳየ የላብራቶሪ ኃላፊ ሊያደርገው ቃል ገባለት። ያ ቦታ እኮ የእኔ ነው! ቂሜን ቋጠርኩ።

የንስሐ አባቴ "ልጄ፣ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት" ብለው ገሠጹኝ። "እውነትዎን ነው አባ" አልኩና ቂሜን ይዤ ወጣሁ። ደብተሩ ላይ ማሞቁም ጋቢውም አልተጻፉም ነበር፤ ፎርማኑም የሳቀበት ነገር የዘዴው ዋና ክፍል ነው ብሎ አላሰበም። ጋቢ ደግሞ በኬሚስትሪ ምን ተብሎ ይጻፋል?

ቀኑ ደረሰ። ሐምሌ ነው፣ ጉሙ መስኮቱን ዘግቶታል። ጋቢዬን ተከናንቤ ከኋላ ቆምኩ። ፎርማኑ እንደ ደብተሬ ቀላቀለ። ቢጠብቅ ቢጠብቅ አልጠለለም። ሲቀዳው ጥላሸቱ እንዳለ ወረደ። ገዢዎቹ ተያዩ። ፎርማኑ ዞሮ አየኝ። እሰይ! አልኩ በሆዴ።

"አንቺ፣ ምንድን ነው የጎደለው?" አለኝ ባለቤቱ።

"ሕፃኑ በርዶት ነዋ!" አልኩ ጮክ ብዬ።

ብልቃጡን አሙቄ በጋቢዬ ጠቀለልኩት። ከምሳ መልስ ገልጠን ስናየው ጥላሸቱ ከታች ተኝቷል። ኃላፊነቱም የላብራቶሪው ቁልፎችም የእኔ ሆኑ።

በማግስቱ ዝፍት የነካውን ጋቢዬን ለፎርማኑ ሰጥቼ "እጠብልኝ" አልኩት። ተቀበለኝ፤ ቀኑን ሙሉ በሳሙና ሲፈትገው ዋለ። ዝፍት በሳሙና አይለቅም፣ በማሟሚያው እንጂ። የማሟሚያው ቁም ሣጥን ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ አልሰጠሁትም።