ባለ ኮከቧ ኩራዝ

ልጅ ሳለሁ፣ እኛ ቤት ተረት የሚጀመረው ዘይት ሲቀዳ ነበር። አያቴን አባባ ነበር የምንላቸው። ወገራ እያሉ ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ፤ ባሕር ተሻግረው አሽቀሎን ከተማ ከመጡ በኋላ ግን ማረሻም ማጭድም የሚያሠራቸው ሰው ስላልነበረ፣ እጃቸው ሥራ ሲፈልግ ያገኙትን ቆርቆሮ ሁሉ ኩራዝ አደረጉት። የሰርዲን ጣሳ፣ የወይራ ጣሳ፣ የታናሽ ወንድሜ የዱቄት ወተት ጣሳ። ክሩን ከአሮጌ ነጠላ ይገምዱታል፣ የምግብ ዘይት ጠብ ያደርጉበታል፣ ከዚያ «መብራቱን አጥፉ» ይሉናል። እናቴ «አባባ፣ መብራት ሞልቶ!» ስትላቸው፣ «አምፖል ተረት አያውቅም» ይሏት ነበር።

እያንዳንዱ ኩራዝ የራሱ ተረት ነበረው። በሰርዲኑ ጣሳ የዝንጀሮዎቹ ሠርግ ይነገራል፣ በወይራው ጣሳ የሰነፉ ንጉሥ። እኔ የምወደው ግን የወተቱን ጣሳ ነበር። አባባ ቆርቆሮው እንዳይጨማደድ ከባሕሩ ዳርቻ ባመጣንላቸው አሸዋ ሞልተው በሚስማር በሳስተውት ነበርና፣ ያኔ ክሩ ሲያያዝ ግድግዳውና ጣሪያው በአንዴ ኮከብ ይሆናል፤ የዘይቱ ጭስ አፍንጫዬን እየኮረኮረኝ፣ በአባባ ነጭ ጋቢ ላይ የሚርገበገቡትን ኮከቦች በጣቴ እከተል ነበር። ተረቱም እሳት ልትለምን ጎረቤት ስለተላከች ልጅ ነው። ፍሙን በገል ይዛ ስትመለስ መንገድ ላይ ጅብ ያገኛታል። ልትሮጥ ስትል ጅቡ፣ «እባክሽ እቴ፣ እስከ ጉድጓዴ አድርሺኝ፤ ጨለማ እፈራለሁ» ይላታል። አባባ የጅቡን ድምፅ እንደሚያለቅስ ሕፃን አቅጥነው ሲያወጡት በሳቅ እንንከተከታለን።

ዓርብ ማታ ግን ሌላ ነበር። በአባባ አገር ሥርዓት ሰንበት ሲገባ እሳት አይነድም፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁሉም ይጠፋል። እናቴ ደግሞ እዚህ እንደተማረችው ሁለት ሻማ ታበራለች። ብዙ ተከራክረው በመጨረሻ ቤቱን ተካፈሉት፤ ሳሎኑ የእናቴ ሻማ፣ ትንሿ ክፍል የአባባ ጨለማ። ተረቱ ያለው ጨለማው ውስጥ ነው። ወንድሞቼ ዘለው ይገባሉ። እኔ ጨለማ ስለምፈራ፣ አንድ እግሬን ብርሃን ላይ አድርጌ በሩ ላይ እቆማለሁ። እዚያ ሆኜ የሚሰማኝ የተረቱ ግማሽ ብቻ ነው፤ ሳቃቸውን ስሰማ እንባዬ ይመጣል።

አንድ ዓርብ አባባ፣ «ማነው በሩ ላይ? ጅብ ከሆንህ ግባ፣ እናደርስሃለን» አሉ። ወንድሞቼ ሳቁ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«የትኛዋን ኩራዝ ላብራልሽ?»

«አባባ፣ ሰንበት ነው እኮ!»

«እኔ እጄን አላነሳም። አንቺ ንገሪኝ። ከምንድን ነው የተሠራችው?»

«ከወተት ጣሳ።»

«ክሯስ?»

«ከአሮጌ ነጠላ።»

«ቀዳዳዎቿስ?»

«ላይ ላይ ትናንሽ፣ ታች ታች ደግሞ ሰፋ ሰፋ ያሉ…»

እየተናገርኩ ሳላውቀው ገብቼ ጉልበታቸው ላይ ተቀምጫለሁ። ጣሪያው ላይ ኮከቦቹ ነበሩ። ዛሬም ብትጠይቁኝ ነበሩ እላለሁ።

አባባ ካረፉ ዓመታት አለፉ። እኔ አሁን የልጅ እናት ነኝ፣ ሥጋቴም ብዙ ነው። በሩን ቆልፌ ተመልሼ አየዋለሁ፤ የኮሪደሩን መብራት አጥፍቼ ተኝቼ አላውቅም። መጻፍ ብዙም ስለማይቀናኝ የአባባን ተረቶች የማስቀምጠው በፎቶ ነው። ሲመሽ፣ ሰማዩ ገና ሰማያዊ ሳለ፣ አባባ የተዉልኝን ኩራዞች አብርቼ መስኮቱ ጋ አስቀምጬ አንድ በአንድ በስልኬ አነሳቸዋለሁ፤ በጣም ከጨለመ ነበልባሉ ብቻ ነጭ ሆኖ ይወጣል፣ ጣሳው አይታይም። ከሚግዳል ገበያ የገዛሁትን የቲማቲም ጣሳ እያጠብኩም አዲስ እሠራለሁ። ፎቶውን ሳየው ተረቱ ይመጣልኛል። ልጄ ኖጋ የምታየው ግን ፎቶውን ብቻ ነው። ፍርሃቴን ሳላወርሳት አልቀረሁም፤ መብራት ላጠፋ እጄን ስዘረጋ፣ «እማ፣ አል ተኻቢ! አታጥፊ!» ብላ በሁለት ቋንቋ ትጮኻለች።

በቀደም ምሽት አዛካው፣ የሮኬት ማስጠንቀቂያው፣ ጮኸ። ኖጋን አቅፌ ወደ ማማዱ፣ ግድግዳው ወፍራም ወደሆነው መጠለያ ክፍላችን ሮጥኩ። በሩን እንደዘጋሁ መብራት ጠፋ። ስልኬን ከፍቼ ፎቶዎቹን ሳሳያት ባትሪው አለቀና እሱም ጠፋ። ኖጋ አንገቴን አንቃ ማልቀስ ጀመረች። የእኔም ልብ እየዘለለ ነበር፤ ደረቷ ደረቴ ላይ ስለሆነ እየሰማችው እንደሆነ ገባኝ፣ ያ ከአዛካው በላይ አስፈራኝ። ያኔ አፌ በራሱ፣ «የትኛዋን ኩራዝ ላብራልሽ?» አለ።

አንገቴን ለቀቅ አደረገች። ከዚያ በልቅሶ መሀል፣ «ባለ ኮኻቪሟን» አለችኝ፣ ባለ ኮከቧን ማለቷ ነው።

«ከምንድን ነው የተሠራችው?»

«ከ… ኻላቭ። ከወተት ጣሳ።»

ቀዳዳዎቿን ነግራኝ እስክትጨርስ ትንፋሿ ረጋ። ተረቱን ጀመርኩላት። ጅቡ ጋ ስንደርስ እንደ አባባ ድምፄን አቀጠንኩ።

«ጅብ ጨለማ ይፈራል?» አለች።

«በጣም።»

«ቤሴዴር፣ እሺ። እኛ ጋ ይምጣ።»

ገና ጉድጓዱ ሳናደርሰው መብራቱ ቦግ ብሎ መጣ። ኖጋ ዓይኗን ጨፍና ፊቷን አጨማደደች። «እማ፣ ተኻቢ! አጥፊው! ጅቡ አልደረሰም እኮ!»

ተነሥቼ በገዛ እጄ አጠፋሁት። ፎቶ የለኝም፤ በጨለማ ምን ይነሣል? ካነሳኋቸው ኩራዞች ሁሉ ጥርት ብላ የምትታየኝ ግን ያቺ በጨለማ ያበራናት ናት።