ማዕዘን ያለው ቢጫ

ባለፈው እሁድ ከልደታ ማርያም ስንመለስ፣ በኮንዶሚኒየማችን ግቢ ከተተከለው ሳር መሃል አንድ ቦታ ቢጫ ሆኖ አየሁ። የመጨረሻ ልጄ ናቲ ኳሱን እየመታ ወደዚያው ሊሮጥ ሲል በጃኬቱ ኮሌታ ያዝኩት። ኳሱ አምልጦት ሳሩ ላይ ቆመ። "እማ፣ ምን ሆንሽ?" አለኝ። ምን ብዬ ልንገረው? ኮሌታውን አልለቀቅኩም።

እንዲህ ያለ ቢጫ መጀመሪያ ያየሁት እዚሁ ልደታ፣ ሰፈሩ ሳይፈርስ፣ ከእትዬ አስካለች ግቢ ተከራይተን ስንኖር ነው። ልጅ እግር ነበርኩ። የመጀመሪያ ልጄ ሃና ድክድክ ማለቱን ትታ መሮጥ የጀመረችበት ጊዜ ነው።

ቤታችን ጓሮ ነበር። በራችን ሲከፈት ፊት ለፊት ሰርዶ፣ ከሰርዶው ማዶ ግንቡ ጥግ አንድ አቮካዶ። እትዬ አስካለች ያንን ሳር ማንም እንዲረግጠው አይፈልጉም። ሟቹ ባላቸው የተከሉት ነው፤ ልብስ እንኳ ለማስጣት ስንሄድ የግንቡን ጥግ ይዘን ነበር የምንዞረው። አቮካዶው ግን የሁላችን ነው። ሲበስል ዳቦ ላይ ቀብተን፣ ጨውና ቃሪያ ጣል አድርገንበት ምሳችን እሱ ነው።

በዚያ ክረምት ዛፉ ታመመ። ዝናቡ ሳያባራ እየወረደ ቅጠሉ ውሃ የጠማው ይመስል ጠወለገ። ፍሬው ገና እንቁላል ሳያህል ይረግፋል። ሳሩም ቢጫ መሆን ያዘ። ጎረቤቱ ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዷ ዓይን በልቶታል አለች። ሌላው ጉንዳን ነው ብሎ ከግንዱ ዙሪያ አመድ ነሰነሰ። እትዬ አስካለች ደግሞ ጠምቶት ነው አሉና የግቢው የልብስ እጣቢ በሙሉ እዚያ እንዲደፋ አዘዙ። ደፋን። በዝናብ ላይ እጣቢ። ባሰበት። ባለቤቴ ከጋራዥ ሲመጣ እያየው፣ ይሄ እንኳ አይድንም፣ ቢቆረጥ ይሻላል ይለኝ ነበር። ለእሳቸው ማን ደፍሮ ይናገር።

ነሐሴ ሊያልቅ አካባቢ አንድ ጠዋት ፀሐይ ወጣች። በሩ ላይ ተቀምጬ የበቆሎ እሸት እየፈለፈልኩ ሳሩን አየሁት። ቢጫው ማዕዘን ነበረው። ጎኑ በመቀስ የተቆረጠ ይመስል ቀጥ ያለ፣ የበር ያህል ስፋት፣ መሃሉ ሰርጎድ ያለ። በሽታ ደግሞ ማዕዘን የለውም። ትምህርቴ ከአራተኛ አላለፈም፤ ግን አምቦ እያለን አባቴ የሞላ ሽንት ቤት ሲዘጋ አይቻለሁ። አጣና ይረበርብበታል፣ አሮጌ ቆርቆሮ ያለብሰዋል፣ ከዚያ አፈር። ሰው ከጊዜ በኋላ ይረሳዋል። አጣናው ግን ከስር ይበሰብሳል።

ቀና ስል ሃና አቮካዶው ስር ቆማ የረገፈውን ፍሬ በቀሚሷ ትሰበስባለች። ቢጫው በእሷና በእኔ መሃል ነበር።

ልጮህ ከፍቼ የነበረውን አፌን ዘጋሁት። ልጅ እናቷ ስትጮህ ወደ እናቷ ነው የምትሮጠው።

"ሃንዬ" አልኳት ቀስ ብዬ፣ "እስቲ ዛፉን እቀፊልኝ። እጅሽ ይዞረዋል?"

"አይዞረውም።"

"እንደሱ ይዘሽ ቆዪኝ።"

ጀርባዬን ለግንቡ ሰጥቼ በጥግ በጥግ ሄድኩ። ጭቃው ከእግሬ ስር ይንሸራተታል። ልደርስ ስል ነው ዛፉ ራሱ ወደ ቢጫው ማዘንበሉን ያየሁት። እኔ ነኝ እቀፊው ያልኳት። ነጥቄ አነሳኋት፤ ፍሬዋ ተበትኖባት አለቀሰች። በመጣሁበት ጥግ ተመለስኩ።

እትዬ አስካለች በረንዳቸው ላይ ቆመው ያያሉ። "አንቺ፣ ሳሬን መናፈሻ አደረግሽው?" አሉኝ።

"እትዬ፣ እዚህ ስር ምን ነበር?"

የነጠላቸውን ጫፍ ወደ አፋቸው ወሰዱ።

"የድሮው ሽንት ቤት" አሉ በመጨረሻ። "ሟች ነው የዘጋው። ሳሩን ሰው እንዳይረግጠው እያለ ነው የሞተው። እኔ ለሳሩ መስሎኝ።"

ከሰዓት ባለቤቴ ከሩቅ ትልቅ ድንጋይ ወረወረበት። መሬቱ ተከፈተ። ዛፉም ቀስ ብሎ፣ ሽማግሌ እንደሚቀመጥ፣ ወደ ውስጥ ወረደ። ስሩ ወደ ላይ ሲገለበጥ ጥቁርና የላሸቀ ነበር። ውሃ ውስጥ ቆሞ ነው የከረመው፤ እኛ ጠማው እያልን።

ጉድጓዱን ሞሉት፣ እኛም እዚያው ቀረን። ሌላ መሄጃ አልነበረንም። ሃናን በር እየዘጋሁባት አሳደግኳት። በኋላ ሰፈሩ ፈረሰ፣ መሬቱ ተደለደለ፣ ይሄ ፎቅ ተሠራበት። ከስራችን ስንት ጉድጓድ እንዳለ የሚያውቁት ሰዎች ግማሹ ሞተዋል፣ ግማሹ ተበትነዋል። ማንን እጠይቃለሁ?

የኮንዶሚኒየሙ ዘበኛ፣ ውሻ ሸንቶበት ነው፣ ምንም አይደል አለኝ። ይሆናል። ማዕዘን ይኑረው አይኑረው ቀርቤ ማየት ግን አልቻልኩም። ኳሱን እዚያው ትተን የናቲን እጅ ጨብጬ በሲሚንቶው ዳር ዳር ዞርን። እያጉረመረመ ተከተለኝ። ደረጃው ላይ ወጥተን፣ የቤታችንን በር ከፍቼ፣ ከኋላችን ዘግቼ እጁን ለቀቅኩት።

"ደረስን" አልኩት። "ደህና ነን።"