የረቡዕ ውሃ

አገራችን «የአፍሪካ የውሃ ማማ» መባሏን መጀመሪያ የሰማሁት ከሟቹ ባሌ ወንድም አፍ ነው። ኮምቦልቻ ቤት ሠርቷል፤ እንግዳ እየተቀበለ አገር ያስጎበኛል። ንግግሩን ደጋግሜ ከመስማቴ የተነሳ በቃሌ ይዤዋለሁ። «ተራራችን ደመናውን ያስቀረዋል፤ ዝናቡ እኛ ላይ ይወርዳል። በዚህ ጥግ የወረደው ወደ አባይ፣ በዚያ ጥግ የወረደው ወደ አዋሽ ይሄዳል። ጎረቤት አገር ሁሉ ከእኛ ይጠጣል። ይሄ ስም የወጣላት ለዚህ ነው።»

አይዋሽም። ውሸት ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። እኔም ዓይን አለኝ፤ ክረምት ሲወጣ ከደሴ ወደ ኩታበር የሚወስደው መንገድ ምን እንደሚመስል ማንም አይነግረኝም። የማላከብረው አገሩን ሳይሆን አድናቂውን ነው። ጎረቤት አገር በማጠጣት የሚኮራ ሰው የወንድሙን ልጆች ማሳ ማጠጣት አቅቶት ኖሯል።

መንደራችን ከኩታበር ዝቅ ብሎ ነው። ከድንጋይ ሥር የሚፈልቅ ምንጭ አለን፤ በቦይ እየተመራ የየቤቱን ማሳ በየተራ ያጠጣል። ተራውን የሚያከፋፍለው ሰው የውሃ አባት ይባላል። የእኛ ቤት ቀን ረቡዕ ነበር። የባሌ መቃብር አፈሩ ሳይደርቅ ወንድሙ መጣና ለውሃ አባቱ «ሴት ቦይ ላይ ከወንድ ጋር ስትሟገት አያምርም፤ ተራዋን እኔ እይዝላታለሁ» አለው። ያዘልኝ። ይዞም መንደሩ ውስጥ ወዳለው የራሱ የሽንኩርት ማሳ አዞረው። እኔና ሁለት ሴት ልጆቼ ሰማይ ሰማይ ስናይ ከረምን። በጠየቅኩት ቁጥር «እትዬ አብሽሪ፣ አይዞሽ፣ ዝናቡ ደርሷል» ይለኛል። ባሌ በሕይወት ሳለ ከቤቴ የማይጠፉት ጎረቤቶችም እኔን ሲያዩ ከብት የጠፋቸው ይመስል ዓይናቸው ገደል ገደሉን ይፈልጋል።

አምና ምድሩ አረንጓዴ ለብሶ ሳለ የባሌ ወንድም ካሜራ የያዙ እንግዶች ከአዲስ አበባ አመጣ። ከሁሉ በፊት እኔ ቤት ጎራ አለ።

«እትዬ፣ ያን ጥልፍ ቀሚስሽን ልበሺና ገንቦ ይዘሽ ምንጩ አጠገብ ቁሚልኝ። ትንሽ ፈገግ በይ።»

«ገንቦ ከተውን ቆየን። ጀሪካን ነው ያለኝ።»

«ጀሪካንማ አገር ያሰድባል!»

ገንቦውን ከገበያ ገዝቶ መጣ። ለብሼ ቆምኩ። ከእንግዶቹ አንዷ ወጣት እጄን ይዛ «እማማ፣ እንዴት የታደሉ ነዎት! ገነት ውስጥ እኮ ነው የሚኖሩት» አለችኝ።

«ገነት ገብቶ የተመለሰ ሰው አግኝተሽ ታውቂያለሽ?» አልኳት። ሳቀች፤ የቀለድኩ መሰላት።

እሱ ሁሉን ከተናገረና ተራራውን ካስቀረጸ በኋላ መጨረሻው እንዲያምርለት ዱዓ ፈለገ። ሰው በማስታረቅ የታወቁትን ሽማግሌ ሼኽ አስመጥቶ ነበር። ስህተቱም እዚህ ላይ ነው። በእኛ ዘንድ በተሰበሰበ ጀማ መሃል ቂም እያለ ለዱዓ እጅ አይነሳም። ሽማግሌው አስቀድመው ይጠይቃሉ። የባሌ ወንድም በዚህ ወግ ያደገ ሰው ነው፤ ወይ ከተማ አስረስቶታል፣ ወይ እንደ ሁልጊዜው ዝም ትላለች ብሎ ንቆኛል።

«ጀማ፣ ቂም የያዘ አለ? ሐቁ የተነካ አለ?» አሉ ሼኹ።

ሰው ሁሉ እንደ ልማዱ «አፉ ብለናል» አለ፤ ይቅር ብለናል ማለቱ ነው።

ገንቦውን መሬት አስቀመጥኩ። «እኔ አለሁ።»

«እትዬ ቀልደኛ ናት» አለ የባሌ ወንድም እየሳቀ። «ሼኽዬ፣ እርስዎ ይቀጥሉ።»

ሼኹ እጃቸውን መልሰው ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱ። «በቂም ላይ እጅ አላነሳም። ተናገሪ ልጄ።»

«የየቲሞች፣ የአባት አልባ ልጆቼ ውሃ ተወስዷል። ረቡዕ የእኛ ነው።»

ካሜራ የያዘው ልጅ «ይሄንንም እንቅረጸው?» ሲል፣ የባሌ ወንድም «ዝጋው!» ብሎ ጮኸበት። ሼኹ ወደ ውሃ አባቱ ዞሩ። እሱም ጫማውን እያየ «ረቡዕ የሟቹ ቤት ነው» አለ። ስንት ዓመት የዋጣት ቃል ይቺው ነበረች።

«እንግዳ ፊት እንዲህ ያለ ነገር...» አለ የባሌ ወንድም።

«እንግዳው ይቆያል። መልስላት» አሉ ሼኹ።

ፀሐይዋ ወደ ተራራው አዘነበለች። እንግዶቹ ሰዓታቸውን ያያሉ።

«እሺ፣ መልሻለሁ።»

«ለእኔ አይደለም። ወደ እሷ ዙርና ተናገር።»

«መልሼልሻለሁ» አለኝ፤ ዓይኑ ግን ገንቦው ላይ ነበር።

«ሐቄ ከተመለሰ ዱዓው ይቀጥል» አልኩ። አፉ ብያለሁ ግን አላልኩም። ሼኹ ልብ ብለውታል፤ አላስጨነቁኝም። ዱዓው ሲደረግ «አሚን» እያሉ ከሁሉ በላይ የጮኹት እነዚያው ጎረቤቶቼ ናቸው።

ፊልሙን በልጄ ስልክ አየሁት። ተራራው አለ፣ ምንጩ አለ፣ የውሃ ማማው ወሬ አለ። እኔም ከጀርባዬ ተቀርጬ አለሁ። ስለ ረቡዕ አንዲት ቃል የለም። ምን ቸገረኝ፤ ልጆቼ ቦዩን ከፍተው ማሳችን መጠጣት ጀምሯል።

ሰንበት ብሎ አንድ ማለዳ የባሌ ወንድም ስኳር ይዞ መጣና ደጄ ላይ ቆመ። «እትዬ፣ አፉ በይኝ።»

«ውሃውን መልሰሃል» አልኩት። «ያደረቅህብኝን ዓመታት ከየት ቀድተህ ትመልሳቸዋለህ?»

ስኳሩን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረው። «ቡናም አታጠጪኝ?»

ረቡዕ ነበር። ዶማዬን አነሳሁና በሩ ላይ እንደቆመ ትቼው ወደ ማሳዬ ወረድኩ።