ያልቀደምኳት ልጅ

አሥራ አንደኛ ክፍል እያለሁ፣ ኮምቦልቻ ላይ በተደረገ የትምህርት ቤቶች ውድድር በሺ አምስት መቶ ሜትር አንደኛ ወጣሁ። ደሴ፣ ሆጤ፣ እኛ ሰፈር፣ ሜዳሊያዬን ያላየ ሰው አልነበረም። አባቴ ሱቁ ለሚመጣው ሁሉ፣ “አንገቷ ላይ ያለውን አያችሁት?” ይላል። እኔ ግን በሦስተኛው ቀን አውልቄ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተትኩት።

ለምን እንደሆነ የገባቸው የስፖርት መምህርቴ ብቻ ነበሩ። ሁለት ዓመት ሙሉ በየውድድሩ የምትቀድመኝ አንዲት የኮምቦልቻ ልጅ ነበረች፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ የመጨረሻው ዙር ላይ ከተነሳች የማትያዝ። ያን ቀን ግን ቁርጭምጭሚቷ ዞሮባት ተመልካች መሃል ተቀምጣለች። ሰዓቴ ልምምድ ላይ ከምሮጠው እንኳ የባሰ ነበር።

ከሽልማቱ በኋላ ወደ እሷ ሄድኩ።

“መቼ ይሻልሻል?”

“ምን ፈለግሽ?”

“እንድንሮጥ።”

ሳቀች። “ሜዳሊያውን ወስደሽ የለም እንዴ?”

“አንቺ አልሮጥሽማ!”

ስልክ ቁጥሬን ተቀበለች። ከአንድ ወር በላይ ቆይታ ደወለች፤ “ድኛለሁ፣ ነይ።”

አባቴ ነገሩ አልጣመውም።

“አሸንፈሽ የጨረስሽውን ለምን ትቀሰቅሺዋለሽ? ብትቀድምሽስ?”

“ትቅደመኛ! ወላሂ አባዬ፣ እሷ በሌለችበት ያገኘሁት አንደኝነት አልዋጥልኝ አለ።”

“በይ አብሽሪ፣ ሂጂ” አለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ከመምህርቴ ጋር በሚኒባስ ወረድን። ሜዳው ላይ ከሦስታችን ሌላ ማንም የለ፤ ጭብጨባም የለ። ከደሴ ብርድ ለወጣ ሰው የኮምቦልቻ ሙቀት ቶሎ ይሰማል፤ ሁለተኛው ዙር ላይ ጉሮሮዬ ደረቀ። ቢሆንም እንደ ድሮው ጀርባዋን እያየሁ አልተከተልኳትም፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ ከጎኗ አልጠፋሁም። ሁለት መቶ ሜትር ሲቀር ተነሳች፤ እኔም ተነሳሁ። በአንድ እርምጃ ቀደመችኝ።

መምህርቴ ሰዓቱን አሳዩኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ፈጥኜ አላውቅም ነበር።

“ይሄ ሁሉ ጉልበት ያን ቀን የት ነበር?” አሉኝ።

“የሚጠይቀኝ አልነበረማ፣ ቲቸር!”

ልጅቷ ሣሩ ላይ ተዘርራ ታለከልካለች። “ለሚቀጥለው ቅዳሜ እኔ ደሴ እመጣለሁ” አለች። መጣችም። የደሴ ከፍታ ትንፋሽ አሳጥሯት እኔ ቀደምኳት። ከዚያ ወዲያ ዓመቱን ሙሉ፣ አንድ ቅዳሜ እሷ ዘንድ፣ አንድ ቅዳሜ እኔ ዘንድ ስንሮጥ ከረምን። አንዳንዴ ትቀድመኛለች፣ አንዳንዴ እቀድማታለሁ፤ ሁለታችንም ግን ሰዓታችን በየወሩ እየተሻሻለ ሄደ።

ለክልል ውድድር ሁለታችንም ተመረጥን። እሷ ሁለተኛ ወጣች፣ እኔ አራተኛ። ለአራተኛ ሜዳሊያ አይሰጥም። ሆኖም ሰዓቴን ስሰማ ከምንጊዜውም የተሻለ ነበር፤ ላቤ ሳይደርቅ ለአባቴ ደወልኩለት።

“ስንተኛ ወጣሽ?” አለኝ።

“አራተኛ” አልኩት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ።