ሻሽ ያሰረችው አንባቢ

ኦክላንድ ያለው የቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ውስጥ አንድ ትልቅ ሥዕል ተሰቅሎ ነበር፤ ነጭ ሻሽ ያሰረች ፈረንጅ መስኮት ሥር ቁጭ ብላ መጽሐፍ ታነባለች። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ኤል ሴሪቶ ከጋራዥ ሴል፣ ሰው አሮጌ ዕቃውን ደጁ አውጥቶ ከሚሸጥበት፣ ገዝቶ ያመጣው ነው። «ቃሉን የምታሰላስል እህት» ብሎ ሲሰቅለው ጉባኤው «አሜን» አለ። እኔ ከኋላ ወንበር ሆኜ ናቅኳቸው።

አዲስ አበባ ሥዕል ተምሬያለሁ፤ አሁን ሚልፒታስ ፋብሪካ ውስጥ የኮምፒውተር ዕቃ እፈትሻለሁ። እነዚያን የአውሮፓ ሠዓሊዎች ድሮም አልወዳቸውም። የሚያነብ ሰው ሲሥሉ የሚጨነቁት ለቀሚሱ እጥፋትና በመስኮት ለሚገባው ብርሃን ነው። ሴትየዋ እንዲህ ተጎልታ ስትውል ወጡን ማን እንደሚሠራ አይነግሩንም። ከእነሱ የባሰ የናቅኩት ግን ሻሽ ባየ ቁጥር ጸሎት የሚመስለውን የኛን ሰው ነው።

አንድ እሑድ ከፕሮግራም በኋላ አላስችል አለኝ። ሥዕሉን አውርጄ ከጀርባው የተለጠፈውን ወረቀት ለሽማግሌው አነበብኩለት። የምታነበው ልብ ወለድ ነው ይላል።

ፊቱ ጠቆረ። «ሶ፣ ባይብል አይደለም እያልከኝ ነው?»

«የፍቅር ታሪክ ሳይሆን አይቀርም» አልኩት፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

በሳምንቱ ግድግዳው ላይ የቀረው ሚስማሩ ብቻ ነው።

ሁልጊዜ ከሥዕሉ ፊት ለፊት የሚቀመጡ አንዲት እናት አሉ፤ ሳን ሆዜ ልጃቸው ቤት ሆነው የልጅ ልጆቻቸውን ያሳድጋሉ። ሚስማሩን አይተው ወደኔ ዞሩ።

«ወዴት ወሰዳችኋት?»

«እማማ፣ የምታነበው እኮ መጽሐፍ ቅዱስ አይደለም።»

«እሱን መች አጣሁት! መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ እንዲህ የሚስቅ ማን አለ?»

ያን ሁሉ ዓመት ተምሬ ፈገግታዋን ልብ ብዬው አላውቅም ነበር።

«መጽሐፉ ምን ያደርግልኛል ልጄ» አሉ። «እሷ አንዴ ከተቀመጠች ማንም አይጠራትም። እሱን እያየሁ ነበር ሳምንቱን የምገፋው።»

የዚያን ቀን ያህል ራሴን ንቄ አላውቅም። ሥዕሉ ዕቃ ቤት እንዳለ ነገርኳቸው፤ በመኪናዬ ሳን ሆዜ ድረስ ላድርስልዎት ብዬ ለመንኳቸው።

«የት ልሰቅላት? ቤቱ የኔ መሰለህ እንዴ?»

ቦርሳቸው ውስጥ ስልካቸው ጮኸ። ልጃቸው ናት፣ ፓርኪንግ ሎት ሆና ትጠብቃቸዋለች።

«መጣሁ፣ መጣሁ» አሉና ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሡ።