ቦራ ቤቱ ይሙት

የእኔን ክፍልና የቦራን ጋጣ የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነበር። ከደሴ አሰላ ተመድቤ ለማስተማር ስመጣ ቤት የጠፋበት ጊዜ ስለነበር አማርጬ አልተከራየሁም። ፈረሱ ግድግዳውን በኮቴው ሲደልቀው እየባነንኩ፣ ጠዋት ፊቴን ቋጥሬ ነበር የምወጣው። አከራዬ ጋሽ እንደሻው ፊቴን አይተው የሚሉኝ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው።

"ሰላም እያለሽ ነው እኮ!"

"ሰላምታውን ትንሽ ቀነስ ቢያደርግልኝ ደስ ይለኛል" እላቸዋለሁ። እሳቸውም እንዳልሰሙ ሆነው ጋጣው ውስጥ ይገባሉ።

ጋሽ እንደሻው የጢቾ ልጅ ናቸው። በወጣትነታቸው አሰላ መጥተው ባለጋሪ ሆኑ፤ የከተማውን ግማሽ ሰው ተሸክመዋል ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። እህል ወደ ወፍጮ፣ ሙሽራ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ምጥ የያዛት ወደ ሐኪም ቤት ወስደዋል። ባጃጅ በዝቶ ጋሪ ከአስፋልት ሲወርድ ሥራው ውስጥ ለውስጥ መንገድ ላይ ብቻ ቀረ። እሳቸው ግን ቅር ያላቸው አይመስሉም ነበር። ሲፈጥራቸው ከሰው ጋር ወሬ አይወዱም። ደግነታቸውን እንኳ በቁጣ ነው የሚያደርጉት። አንድ ጊዜ ጉንፋን ጥሎኝ ሲያስለኝ ቢሰሙ፣ ዝንጅብል አስፈልተው በሬን በእግራቸው ገፋ አደረጉና "ጠጪና ዝም በይ፤ ፈረሱን አታስነሺብኝ" ብለውኝ ሄዱ።

ለቦራ ግን የማይነግሩት ነገር የለም። ጠዋት ገብስ ሲሰጡት የከተማውን ወሬ አንድ በአንድ ያወሩለታል። ማን እንደሞተ፣ የማን ልጅ እንዳገባች፣ ሽንኩርት እንደተወደደ፣ የቱ ድልድይ በጎርፍ እንደተወሰደ። እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ በግድግዳው በኩል እሰማለሁ። ባለቤታቸው እትዬ የሺሃረግ ይኼን ሲያውቁ ሳቃቸው አላቆም አላቸው። "ወይ ጉዴ! እኔ ሚስቱ ሆኜ የሰፈሩን ሞት ከተከራይ ልስማ?" አሉ። ከዚያ በኋላ ግን በየጠዋቱ "ዛሬ ምን አለው?" ብለው ይጠይቁኝ ጀመር።

ቦራ የተባለው ግንባሩ ላይ ባለው ነጭ ምልክት ነው። የጋሽ እንደሻው የድሮ ጓደኛ ባለጋሪው ሁሴኖ ደግሞ እሳቸውን "አባ ቦራ" ይላቸዋል። ሰው በፈረሱ ስም መጠራቱ የትልልቅ ሰዎች ማዕረግ ነበርና፣ ሁሴኖ ግማሹን በቀልድ ግማሹን በምሩ ነው የሚለው። ጋሽ እንደሻው ሲጠሩበት ካፖርታቸውን ወደ ላይ ሳብ ያደርጉታል።

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ድለቃው ቆመ። ደስ ሊለኝ ሲገባ እንቅልፍ አጣሁ። ጠዋት ጋጣው በር ላይ ሄጄ ብቆም፣ ቦራ ራሱን ደፍቶ ገብሱ ፊቱ እንደተቀመጠ ነው። ጥርሱ አልቆ ያኘከው ሁሉ ከአፉ መልሶ ይረግፋል። ጉልበቱ አብጧል፤ የጎን አጥንቱ ይቆጠራል። ጋሽ እንደሻው አጠገቡ ቆመው ጋማውን በጣታቸው ያበጥራሉ። ያን ቀን ምንም ወሬ አላወሩለትም።

ባለጋሪዎቹ ያረጀ ፈረስ በእጃቸው አይገድሉም። ምን እንደሚደረግ ግን ሁሉም ያውቃል። ወደ ማታ ላይ ከከተማው ወጣ ተደርጎ ሜዳ ላይ ይለቀቃል። ባለቤቱ ልጓሙን ይዞ ወደኋላ ሳያይ ይመለሳል። የቀረውን ጅብ ይጨርሰዋል። በእጅ አለመግደል እንደ ምሕረት ስለሚቆጠር የሚያፍርበት የለም፤ ጠዋት ሄዶ የሚያይም የለም። እኔ ይህን ምሕረት ሰምቼ ደሜ ፈላ፤ የሚያዳምጠኝ ግን አልነበረም።

ሁሴኖ መጥቶ ቦራን ከጭንቅላቱ እስከ ጭራው አየውና ተነፈሰ።

"ያ አባ ቦራ፣ ማል ጎና? ምን ይደረጋል እንግዲህ? ልቀቀው። እኔም የእኔን ለቅቄያለሁ። አንተም ብትሆን መጋላን ለቅቀሃል።"

የመጋላ ስም ሲነሳ የጋሽ እንደሻው ፊት ተለዋወጠ።

"ቦራ ቤቱ ይሞታል" አሉ።

"ፈረስ የት አገር ነው ቤት የሚሞተው?"

"እዚህ። ቤቱ ይሙት ብያለሁ፣ ቤቱ ይሞታል!"

ሁሴኖ እኔን አየኝ፤ እኔ ደግሞ እትዬ የሺሃረግን። እሳቸው ነጭ ሽንኩርት መላጣቸውን አቁመው መሬት መሬት ያያሉ። ነገሩን የነገሩኝ ሁሴኖ ከሄደ በኋላ ነው።

"መጋላ ከቦራ በፊት የነበረው ነው" አሉኝ። "እንደ ሰዉ ሁሉ ወስዶ ለቀቀው። መጋላ ምን ያውቃል? የተረሳ መስሎት ተመልሶ መጣ። በሩን በአፍንጫው ሲገፋ፣ ሲያሽካካ እንሰማለን። ልክፈትለት አልኩት። 'ተይ፤ ነገም ያው ልወስደው ነው' አለኝ። ከዚያ ጅቦቹ መጡ።" ሽንኩርቱን አነሱና መልሰው አስቀመጡት። "በራችን ላይ ነው የበሉት። በቁሙ። እንደሻው ጆሮውን በሁለት እጁ ደፍኖ ተቀመጠ። እኔ ግን አልደፈንኩም፤ ሰማሁት።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ያንን የቆርቆሮ በር ስገፋ እጄ ይከብደኛል። የጋሽ እንደሻውም ጭንቅ ምን እንደሆነ ገባኝ። ቦራን ማዳን እንደማይቻል ከማንም በላይ ያውቃሉ። ጅብ እንዳያገኘው ብቻ ነው የፈለጉት።

ማስታመሙን ጀመሩ። ገብሱን አስፈጭተው ከፉርሽካ ጋር በሞቀ ውሃ ለውሰው በእጃቸው ያጎርሱታል። ጭጋጉ ከጭላሎ ተራራ ወርዶ ግቢውን ሲሞላው ካፖርታቸውን ለቦራ ያለብሱና እሳቸው በአንድ ጋቢ ይንቀጠቀጣሉ። ቦራ መንገዳገድ ሲጀምር ደግሞ ጆንያ በጆንያ ላይ ሰፍተው፣ ከሆዱ ሥር አሳልፈው፣ በገመድ ከጋጣው ጣሪያ ወራጅ ጋር አንጠለጠሉት። ባለጋሪ ሁሉ የሚያምነው ነገር ነው፤ የታመመ ፈረስ ጎኑ መሬት ከነካ አለቀለት ይላሉ። ስለዚህ እንዳይተኛ ይደረጋል። የገመዱን ጫፍ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ሁሴኖ እንኳ ሲያየው "ጎበዝ ነህ" አለ። ቦራም ቆመ። ቀን ቆመ፣ ሌሊት ቆመ፣ ቀናት አለፉ እንደቆመ ነው። ጋሽ እንደሻው "አየሽው? ይበረታል እኮ" ሲሉኝ እኔም "አዎ፣ ይበረታል" እላለሁ።

የጎረቤታችን አቶ አሰግድ በአጥሩ በኩል ብቅ አሉ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ትንንሽ ልጆች አሏቸው።

"ጋሼ፣ ይኼ ሽታ ጅብ ይጠራብናል። እባክዎ ያውጡልን።"

"እኔንም አብረህ አውጣኛ!" አሉ ጋሽ እንደሻው። አሰግድ አንገታቸውን መልሰው ከአጥሩ በታች ተሰወሩ።

ሰሎሜ የምትባል የእንስሳት ሐኪም ጓደኛ አለችኝ፤ እሷም እንደ እኔ ከሩቅ፣ ከጎንደር የተመደበች ናት። ለምኜ አመጣኋት። በቦት ጫማዋ ጭቃውን እየረገጠች ጋጣው ውስጥ ገባችና ጆንያውን ገለጥ አደረገችው። ጆንያው የፈተገው ቆዳ ተልጦ ቀይ ሥጋው ይታያል። የቦራን ዓይን አየች።

"ማነው ያሰረው?"

"እኔ ነኝ" አሉ ጋሽ እንደሻው።

"ለምን?"

"እንዳይሞትብኝ ነዋ።"

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ጋሽ እንደሻው፣ እንቅልፍ ነው የከለከሉት። ፈረስ ቆሞ ያንቀላፋል፤ ደህና እንቅልፍ የሚተኛው ግን ጋደም ሲል ነው። እኔ የማድንበት መድኃኒት የለኝም፤ ቶሎ የሚያሳርፈውም እጄ ላይ የለም። ሕመሙን የሚያስታግስለት እወጋዋለሁ። እርስዎ ጭድ ወፈር አድርገው ያንጥፉለትና ይተኛ። እያገላበጥን እናስታምመዋለን።"

"ከተኛ ይነሳል?"

"አይነሳም።"

"እንግዲያው ውጪልኝ!" አሉና በሩን አሳዩአት። ሰሎሜ መርፌዋን ወግታ ወጣች። እኔ በእሳቸው ፈንታ አፈርኩ፤ በራሴም አፈርኩ፤ ገመዱን ይዤ ነበርና።

ከሰዓት በኋላ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ፈተና ሳርም ድምፃቸውን በግድግዳው በኩል ሰማሁ። ድሮ ወሬ በሚያወሩለት ድምፅ ነው።

"ደክሞሃል፣ አይደል? ይኼን ሁሉ ቀን ትነግረኛለህ፣ እኔ አልሰማም። ደንቁሬ አይደለም፣ ቦራ። ፈርቼ ነው።" ከዚያ ጮኸው ጠሩኝ። "ናዝሬት! ነይ ገመዱን ያዢልኝ!"

ሁሴኖንም ጠርተን ለሦስት ቀስ እያልን አወረድነው። ቦራ ጎኑ ጭዱን ሲነካ ከውስጡ ረጅም ትንፋሽ ወጣ። ዓይኑ ወዲያው ተከደነ። ትንሽ ቆይቶ የፊት እግሮቹ በእንቅልፍ ልቡ ይንቀሳቀሱ ጀመር።

"ምን ሆነ?" አልኩ ደንግጬ።

"ይሮጣል" አሉ ጋሽ እንደሻው። "ሕልም እያየ ነው።" አጠገቡ ቁጭ ብለው ራሱን ጭናቸው ላይ አደረጉት። እኔ ወጥቼ ከእንጨቱ ክምር ጀርባ አለቀስኩ። ያን ሁሉ ቀን ሕልም እንኳ ከልክለነው እንደነበር ነው ያሰብኩት።

ከዚያ በኋላ የነበረው ጊዜ አጭር ነው። እትዬ የሺሃረግ ቁስሉን በሞቀ የጨው ውሃ ያጥባሉ። ሁሴኖ ከዲክሲስ በኩል ደረቅ ጭድ ፈልጎ ያመጣል። ሰሎሜም ቂም ሳትይዝ እየተመላለሰች ትወጋዋለች፤ ጋሽ እንደሻው ይቅርታ አልጠየቋትም፣ ግን በመጣች ቁጥር የቦት ጫማዋን ጭቃ በእንጨት ፍቀው ያስቀምጡላት ነበር። ወሬውም ተመለሰ። አንድ ዝናባማ ጠዋት፣ ባጃጅ ቦይ ውስጥ ገብቶ ሰፈሩ ተረባርቦ እንዳወጣው እየነገሩት ሳለ ድምፃቸው መሃል ላይ ተቋረጠ። ስሄድ ቦራ አንድ ጆሮውን ወደ እሳቸው እንዳዞረ ነው። አልመለሰውም።

ግቢ ውስጥ እንዳይቀበር የጎረቤት የውሃ ጉድጓድ አለ። ስለዚህ ዕድሜውን ሙሉ ሲጎትተው በኖረው ጋሪ ላይ ጫንነው። የሁሴኖ ፈረስ መጀመሪያ አልሄድም ብሎ አስቸገረ፤ ሽታው ገብቶት ይሆናል። ፈረስ ሲቀበር አይቶ የማያውቅ ሰው መንገድ ዳር ቆሞ ያየናል፤ የሳቀም አለ። አሰግድ ዶማ ይዘው ከኋላችን ተከተሉ። ከወንዙ በላይ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ቆፈርን። የአርሲ ክረምት ግን አያስቆፍርም፤ ገና ወገብ ሳይደርስ ጉድጓዱ ውሃ ያቁር ጀመር። የቻልነውን ያህል አፈር አልብሰን፣ ድንጋይና እሾህ ከምረንበት ተመለስን።

በማግስቱ ትምህርት ቤት ስሄድ በአቋራጩ አለፍኩ። ድንጋዩ ተበትኗል፤ እሾኹ ተጎትቷል፤ ጉድጓዱ ተከፍቷል። ያየሁትን ሌላ አልናገረውም። ትምህርቱን ትቼ ወደ ቤት እየሮጥኩ፣ ለእሳቸው ልንገራቸው ወይስ ልደብቅ እያልኩ ስጨነቅ፣ ጋሽ እንደሻውን በሩ ላይ አገኘኋቸው። አካፋ ይዘዋል። ጫማቸው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ የመቃብሩን ቀይ ጭቃ ነክቷል። ቀድመውኝ ሄደው ነበር።

"ጋሽ እንደሻው..." አልኩ። "ያን ሁሉ ለፍተው..."

መጋላ በአፍንጫው የገፋውን በር በመዳፋቸው ይዘው ቆመዋል። ዓይናቸው አላለቀሰም።

"ሞቶ ነው የበሉት" አሉኝ። "ሰምተሽኛል ናዝሬት? ሞቶ ነው።"